በሶዶ የመኖሪያ ቤት ዋጋ ለምን ከአቅም በላይ ሆነ? አመራሩስ ምን ማድረግ ይችላል?

ወላይታ ሶዶ በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 76,050 ነዋሪ ነበራት። በዚያው ዓመት የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል ጀመረ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የተካሄደውን ሕዝበ ውሳኔ ተከትሎ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከተማዋ የክልሉ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ክልሉ ቢሮ አመጣ፤ ቢሮው ሠራተኛ አመጣ፤ ሠራተኛው ደግሞ ማደሪያ ይፈልጋል። ከሐዋሳ የተዛወረ ባለሙያ፣ አዲስ የተመደበ መምህር፣ ከአረካና ከቦዲቲ የመጣ ነጋዴ፣ ገጠር ያለው መሬት ያልበቃው ወጣት፣ ሁሉም የሚያንኳኳው ያንኑ የግቢ በር ነው። ከተማዋ የሐዋሳ፣ የሆሳዕና፣ የአርባ ምንጭና የዳውሮ መንገዶች የሚገናኙባት በመሆኗ ቤት ፈላጊዋ ቀድሞም ብዙ ነበር። አሁን ግን ጥያቄው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተደራርቦ መጣ።

ይህ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚለው «መንግሥት ቤት ይሥራ» ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በወላይታ ቤት የሚወደደው ግንበኛ ስለጠፋ አይደለም። ዋጋውን የሚያንሩት በአብዛኛው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው መሬት ሲሰጥ በስፋት መሰጠቱ፣ ሁለተኛው መሬቱ እስኪደርስ የሚባክነው ጊዜ። ሁለቱም በከተማ፣ በዞንና በክልል አመራር እጅ ያሉ ጉዳዮች ናቸው።

ከመሬቱ እንጀምር። ወላይታ በአገራችን ሕዝብ ከተጨናነቀባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የ1999ኙ ቆጠራ የዞኑን ሕዝብ ወደ 1.5 ሚሊዮን አድርሶት ነበር። በደጋውና በወይና ደጋው የአንድ አርሶ አደር ይዞታ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሄክታር ያንሳል። በዚያች ቁራሽ ላይ እንሰት አለ፤ ቡና አለ፤ ቦዬና ጎደሬ አለ፤ ጥግ ላይ ደግሞ ጥቂት ባሕር ዛፍ። ከተማው ወደ ዳር በሰፋ ቁጥር የሚነካው ባዶ ሜዳ ሳይሆን ይህ ጓሮ ነው።

አሁን በአንድ ሄክታር ላይ እናስላ። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። አገራችን የምትከተለው የከተማ ፕላን መርህ 30 ከመቶውን ለመንገድ፣ 30 ከመቶውን ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 ከመቶውን ለግንባታ ይመድባል። ስለዚህ ለቤት የሚቀረው 4,000 ካሬ ሜትር ነው። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 200 ካሬ ከተሰጠ 20 ቤተሰብ ያስተናግዳል። 100 ካሬ ከሆነ 40 ቤተሰብ። በዚያው ቦታ ግማሹን ብቻ ይዞ ባለ ሦስት ፎቅ የጋራ መኖሪያ ቢቆም ከ100 ቤተሰብ በላይ ይገባበታል። ያንን አንድ ሄክታር ለማግኘት ግን ቢያንስ ሁለት የገበሬ ቤተሰቦች ከእንሰታቸው ተነቅለዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ለንብረታቸው ካሳ እንዲከፈላቸውና መልሰው እንዲቋቋሙ ያዛል። ካሳውን የሚከፍለው ማን ነው? በመጨረሻ በሊዝ ዋጋም ሆነ በመሠረተ ልማት መዘግየት የሚከፍለው ያው ቤት ፈላጊው ነው። እንግዲህ ሰፊ ካርታ መስጠት ለጋስነት ቢመስልም ከ20ው ዕድለኛ ጀርባ 80ው ያለ ቤት እንዲቀር የሚያደርግ ውሳኔ ነው። በወላይታ ዋናው ሀብት መሬት ስለሆነ ቆጥቦ የማያከፋፍል አመራር የቱንም ያህል ቢደክም ጥያቄውን አይደርስበትም።

ታሪኩን በአጭሩ እንይ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ ዞሩ፤ «የቀበሌ ቤት» የምንላቸው እነሱ ናቸው። ኪራያቸው ለአሥርት ዓመታት እምብዛም ሳይነካ ቆየ፤ ድሃውን በልቶ እንዲያድር አስችለውታል። ይሁን እንጂ ከዚያ ኪራይ ጣሪያ የሚያስጠግን ገንዘብ አይወጣም። በሶዶም ሆነ በሌሎች ከተሞች መሀል ቦታ ላይ ያጋደሉ የጭቃ ቤቶች የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ኮንዶሚኒየም መጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባን ያስተዳድሩ የነበሩት አርከበ እቁባይ ከጀርመኑ ጂቲዜድ ጋር በዝቅተኛ ወጪ የሚሠሩ ቤቶችን ሞከሩ፤ ሙከራው ወደ ሰፊ የቤት ልማት ፕሮግራም አደገ፤ ከ50 በላይ ወደሚሆኑ የክልል ከተሞችም ተሻገረ። በክልል ከተሞች ግን ብዙ ሳይቆይ ቆመ። የአዲስ አበባው ነዋሪ ዕጣ ለማግኘት ሲሰለፍ የክልሉ ነዋሪ ብዙ ጊዜ ቅድሚያ ክፍያውን አልቻለም ወይም አልፈለገም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአነስተኛ ከተማ ሰው በራሱ ጭቃና በራሱ እንጨት ግቢ ያለው ቤት ሲሠራ ከፎቅ ቤቱ ያነሰ ወጪ ያወጣል። ግቢው ደግሞ በግ ያስረባል፣ ጎመን ያስተክላል፣ ሰርቪስ ሠርቶ ለማከራየት ያስችላል። ኮንዶሚኒየሙ ይህንን ሁሉ ይወስዳል። ስለዚህ ሶዶን በፎቅ ብቻ እናስፍር የሚል አመራር ያንን ስህተት ይደግማል። በጠባብ ቦታ፣ ባለ አንድ ፎቅ ወይም ጎን ለጎን የተያያዘ ቤት፣ ትንሽ ጓሮ ያለው፣ ለወላይታ ሰው ኑሮ የሚቀርበው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን በክልል ከተሞች ዋናው መንገድ የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። አሠራሩን ማወቅ ለሚመዘገብ ሁሉ ይጠቅማል። ቤት የሌላቸው ሰዎች፣ በብዛት የመንግሥት ሠራተኞች፣ ተሰብስበው ይደራጃሉ። ማኅበሩ በኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል። እያንዳንዱ አባል ቤትም ቦታም እንደሌለው ይጣራል፤ የትዳር ጓደኛውም ጭምር። ከዚያ የተወሰነ ገንዘብ በባንክ በዝግ ሒሳብ ይቀመጣል። ይህ ገንዘብ አባሉ ቦታ ሲያገኝ ቤት መሥራት እንደሚችል ማሳያ ነው። ከተማው ቦታውን የሚሰጠው በጨረታ ሳይሆን በምደባ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መንግሥት ለሚወስናቸው የመኖሪያ ቤት ፕሮግራሞችና የራስ አገዝ ግንባታዎች ይህንን ይፈቅዳል። አባሉ የጨረታውን ሳይሆን የሊዝ መነሻ ዋጋውን ይከፍላል፤ ቢያንስ 10 ከመቶውን በቅድሚያ፣ ቀሪውን በረጅም ጊዜ። ለመኖሪያ ቤት የሊዙ ዘመን እስከ 99 ዓመት ነው።

መንገዱ ጥሩ ነው። የሚበላሸው በመሀሉ ባለው ጊዜ ነው። አንድ መምህር ደመወዙን እየቆጠበ ገንዘቡን በዝግ ሒሳብ አስገባ እንበል። የማኅበሩ ፋይል ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየዞረ ሁለት ዓመት ቆየ። በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ ገንዘቡ በቁጥር ያው ነው፤ የሚገዛው ብረትና ቆርቆሮ ግን ቀንሷል። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት በዓመት ከ30 ከመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ በሚገባ ጥሬ ዕቃ የሚሠራው ብረትና ቆርቆሮም ዋጋው ናረ። ሲሚንቶም ከሙገር፣ ከደርባ፣ ከድሬዳዋ ወይም ከለሚ ፋብሪካ ተጭኖ ሶዶ እስኪደርስ የትራንስፖርቱ ዋጋ ይታከልበታል። የመምህሩ ቁጠባ መጀመሪያ ግድግዳና ጣሪያ ይችል ነበር፤ አሁን መሠረቱን አውጥቶ ያልቃል።

በዚህ ላይ የወላይታን የቅርብ ጊዜ ችግር ጨምሩበት። በ2016 ዓ.ም. በዞኑ የመምህራንና የሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ለወራት ዘግይቶ አቤቱታና የሥራ ማቆም አስከትሏል። ደመወዙ የዘገየበት አባል የወር መዋጮውን ከየት ያመጣል? መዋጮው ሲቋረጥ ማኅበሩ ይንገዳገዳል፤ አንዳንዱ ድርሻውን አቅም ላለው ሰው በስውር ይለቃል። በዚህ መንገድ ለድሃው ሠራተኛ የታሰበ ቦታ ሳይታወቅ ወደ ነጋዴ እጅ ይገባል። ስለዚህ ደመወዝ በወቅቱ መክፈልም የቤት ልማት ሥራ ነው። ይህንን በዕቅዱ ውስጥ የሚጽፍ አመራር ብዙ አይደለም።

ታዲያ አመራሩ ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ ሊሠራው የሚችለው ምንድን ነው? የመጀመሪያው ጊዜውን ማሳጠር ነው። ማኅበሩ ከመደራጀቱ በፊት ቦታው ይዘጋጅ። ቦታው ተለይቶ፣ ካሳው ተከፍሎ፣ መንገዱ ተቀዶ፣ የውኃ መስመርና የመብራት ምሰሶ ገብቶ ከዚያ ይመደብ። አሁን ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ሰው ካርታ ይዞ ውኃ በጀሪካን እየገዛ በጨለማ ይገነባል። ለአንድ ግንበኛ ጭቃ ወይም ሲሚንቶ ለማቡካት በቀን የሚያስፈልገው ውኃ ራሱ ትልቅ ወጪ ነው። ሶዶ በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አይደለችም። በዓለም ባንክ ድጋፍ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በተጀመረው የከተሞች የአካባቢ አስተዳደር ልማት ፕሮግራም ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚ ከተሞች አንዷ ነበረች፤ የኮብልስቶን መንገዶችና የጎርፍ መውረጃዎች እንዴት እንደሚሠሩ የከተማው ባለሙያዎች ያውቁታል። ያ ልምድ ሰው ከሰፈረ በኋላ ሳይሆን ከመስፈሩ በፊት ቢውል ዋጋው በእጅጉ ያንሳል።

ሁለተኛው በደረጃ መገንባትን መፍቀድ ነው። የሊዝ አዋጁ ለአነስተኛ ግንባታ የሚሰጠው የማጠናቀቂያ ጊዜ እስከ 24 ወር ነው። ደሞዝተኛ ቤተሰብ ግን በ24 ወር ቤት አይጨርስም። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ክፍልና መጸዳጃ ሠርቶ ይገባል፤ ኪራይ መክፈል ያቆማል፤ የኪራዩን ገንዘብ ወደ ሁለተኛው ክፍል ያዞራል። ከተማው ሊያስገድደው የሚገባው ሁለት ነገር ነው፤ መሠረቱ የወደፊቱን ፎቅ የሚሸከም መሆኑንና መጸዳጃው በሥርዓት መቆፈሩን። የቀረውን ለቤተሰቡ ይተውለት። በድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ፣ ቋሚና ማገሩ በጥሩ ባሕር ዛፍ የተሠራ፣ ጭቃው በጭድ በደንብ የተቦካ፣ ጣሪያው ግድግዳውን ከዝናብ እንዲጠብቅ ወጣ ያለ የጭቃ ቤት ለአሥርት ዓመታት ይኖራል። በአገራችን ከተሞች አብዛኛው ቤት ዛሬም እንጨትና ጭቃ ነው። «ዘመናዊ አይደለም» ብሎ መከልከል ሰውን ወደ ብሎኬት አያሳድገውም፤ ወደ ኪራይ ወይም ወደ ጨረቃ ቤት ይመልሰዋል።

በዕቃ ግዥም ማኅበራት ቢተባበሩ ይጠቅማቸዋል። ወላይታ ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ለጊፋታ በዓል ወንዶች ዓመቱን ሙሉ ለበሬ፣ ሴቶች ለቅቤ ይቆጥባሉ፤ በዓሉ ሲደርስ ዋጋ ቢንርም ቤታቸው አይጎድልበትም። ያ ሥርዓት የቆመው አባላቱ ስለሚተዋወቁና ገንዘብ ያዡ ስለሚታመን ነው። አሥር ማኅበራት ተቀናጅተው ቆርቆሮና ሲሚንቶ ከፋብሪካ ወይም ከአከፋፋይ በአንድ ጊዜ ቢያወጡ በየሱቁ ከሚገዙት በታች ያገኙታል። የከተማው አስተዳደር ማድረግ ያለበት ለዕቃ ግዥ ከዝግ ሒሳቡ ገንዘብ እንዲለቀቅ መፍቀድና ግዥውን በኦዲት መከታተል ነው።

በወላይታ ቤትና መሬትን አብሮ ያሰበ አመራር ከዚህ በፊትም ነበር። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወላይታ አውራጃ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ወልደሰማያት ገብረወልድ ከተጨናነቀው ደጋ ወደ አበላና ወደ በሌ ቆላ ሰዎችን አስፍረዋል። በ1962 ዓ.ም. አካባቢ የተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰዉ «ዋዱ» የሚለው፣ የሰፈራውን ሥራ በኋላ ይዞ ቀጠለ። ቆላው መሬት ነበረው፤ ወባም ነበረው። ሰው ያለ ጤና ጣቢያና ያለ ውኃ ሲሰፍር የተሰጠው መሬት ራሱ ችግር ይሆንበታል። በከተማ ዳርም ያው ነው። መሬት ስለተገኘ ብቻ ገደል ሥር ወይም ጎርፍ መውረጃ ላይ ሰው ማስፈር ይዋል ይደር እንጂ ዋጋ ያስከፍላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከ200 በላይ ሰዎች በመሬት መንሸራተት አለቁ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ በወላይታው ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ሌሎች ሰዎች በዚያው አደጋ ሕይወታቸውን አጡ። ከዚያ ወዲህ ቦታ ከመስጠት በፊት ተዳፋቱንና አፈሩን ማስጠናት ለማንም አመራር ትርፍ ሥራ ሊሆን አይችልም።

ቤት የሚያገኘው ግን መቆጠብ የሚችል ሰው ብቻ መሆን የለበትም። ጧሪ የሌላት አሮጊት ማኅበር አትገባም። ከ2010 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአገር ደረጃ የተለመደው የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት ለእንዲህ ያሉት ነው። ወጣቶች ቋሚ ይተክላሉ፣ ነጋዴ ቆርቆሮ ይሰጣል፣ ቀበሌው ያስተባብራል። ሥራው መልካም ነው፤ የማን ቤት ይታደስ የሚለውን ግን የዕድር መሪዎች ቢወስኑት ይሻላል። የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ የማን ልጅ ከአዲስ አበባ እንደሚልክለት፣ ማን ብቻውን እንደቀረ ዕድሩ ያውቃል። የከተማ ኮሪደር ልማት ሲመጣም አቅመ ደካማው ሊታሰብለት ይገባል። መንገድ ዳር ካለ የቀበሌ ቤት የሚነሳ ተከራይ ቤቱ የራሱ ስላልሆነ ለቤቱ ካሳ አያገኝም፤ ተተኪ ቤት ከሌለው ወደ ሰርቪስ ቤት ይገባል፤ የሰርቪሱም ኪራይ ይወደዳል።

በሶዶ በሰርቪስ የሚኖረው ሰው ብዙ ነው። ከዋናው ቤት ኋላ በተርታ የተሠሩ አራት አምስት ክፍሎች፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ፣ ለሁሉም አንድ ቆጣሪ። በወሩ መጨረሻ የመብራት ሒሳቡ ሲመጣ ማን ምጣድ ጋገረ፣ ማን አልጋገረም የሚለው ክርክር ይነሳል። አከራዩም ብዙ ጊዜ ሀብታም አይደለም፤ ጡረታው ስላልበቃው የሚያከራይ አባወራ ወይም በኪራዩ ልጆቿን የምታስተምር እናት ናት። ስለዚህ ሕጉ ሁለቱንም ማሰብ አለበት።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ይህንን ለማስተካከል ሞክሯል። ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ይሠራል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። አከራዩ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ በቅድሚያ መጠየቅ አይችልም። የዋጋ ጭማሪው ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ ከሚወስነው ጣሪያ አያልፍም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል። ለተከራይ ትልቅ ዋስትና ነው። አከራዩ ግን ፈርቶ በሩን ከዘጋ የክፍሉ ቁጥር ይቀንሳል። ስለዚህ ከተማው ከአዋጁ ጎን ለጎን ግቢያቸው ውስጥ ተጨማሪ ክፍል ለመሥራት ለሚጠይቁ ሰዎች ፈቃዱን በቶሎ ቢሰጥ፣ ለየክፍሉ የተለየ ቆጣሪ ቢያስገባ፣ መጸዳጃ ላሻሻለ አከራይ የኪራይ ግብሩን ቢያቃልል ሁለቱም ወገን ያተርፋል።

ተከራይ የሆነ አንባቢ ታዲያ ዛሬ ሊያደርገው የሚችለው አለ። ውሉን በቃል አያስቀረው። በጽሑፍ ያድርገው፣ የሚከፍለውን የመብራትና የውኃ ድርሻ በውሉ ውስጥ ያስገባ፣ ሁለት ምስክር ያስፈርም፣ ከዚያም በ30 ቀን ውስጥ ሥልጣን ባለው ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ። የት እንደሚመዘገብ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ያለበት አስተዳደሩ ነው፤ ካልተለጠፈ ገብቶ መጠየቅ የነዋሪው መብት ነው።